ጣሳ

ደብረ ሲና ላይ ነው፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣
ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ መስኮታችንን ሲሞላ፣
ዘጠነኛ «ለ»ን ለሁለት ከፍዬ፣
ጥቅልል ወረቀት በባርኔጣ ጥዬ፣
ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ «እንግሊዝ ባሕር ተሻግራ
የሰው አገር መግዛቷ ልማት ነው ወይስ ኪሳራ?»

ለትንግርት ደረሳት «ልማት ነው» የሚል ዕጣ፤
አንብባ አጠፈችው፣ ቃል ከአፏ ሳይወጣ።

ከዚያ ተነሣች። ሐዲዱን በሕንድ ምድር ዘረጋች፣
ድልድዩን አቆመች፣ ኪኒኑን አደለች፣ የባሪያ ንግዱን ዘጋች፤
«ሕግ የሚሉትን ነገር በወረቀት አስፍሮ
ማን ሰጠ?» ስትል፣ ክፍሉ ሰማት አቀርቅሮ።

ወንድአፍራሽ ተነሣ፣ የተቃዋሚው አፍ፤
ደብተሩን ገለጠ፣ ጠፋው የያዘው ጫፍ፤
«ኧረ… ረሃቡስ? ቤንጋል… ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት?
ኬንያስ፣ ያ ሽቦ፣ መንደሩ የታጠረበት?»
ቁጥሩ ጠፋው እንጂ ሐዘኑስ ነበረበት።

ደወሉን ደወልሁ። ሦስቷ ደቂቃ አለቀች፤
ትንግርት በጭብጨባ፣ በእጅ ብልጫ አሸነፈች።
ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «እኛን መች ገዙን!» ብሎ፤
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔኑም አክሎ።
ሽልማቷን ሰጠሁ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፤
አልሳቀችም፤ ተቀበለችኝ እንደ ሰው ዕቃ፣ እንደ ብድር።

አመሻሽ፣ ደብረ ብርሃን ልሄድ ስወርድ ወደ መናኸሪያ፣
አገኘኋት፦ የእናቷ ቆሎ፣ ቅርጫት፣ ጣሳ መስፈሪያ።
«የሃያ ብር» አልኋት። ሰፈረች፤ ገብስና ሽምብራ፣
ሱፍ ጣል ጣል ያለበት፣ ቁልል ያለ እንደ ተራራ።
በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠኝ ጣሳውን ደፋችው፣
ቂጡን በጣቷ ጫፍ ኳ! ኳ! አደረገችው፤
ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ፣ ግማሹ የለም ጣሳው።

«ይኸው ቲቸር» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ላዩ ቁልል ነው አይደል? ማን ያያል ታቹ ጋ?
ዛሬ ያሸነፍሁት በዚህች ነው፣ በዚህች ጣሳ፤
ሐዲዱን ከምሬ፣ ከታች ያለው እንዳይነሣ።
እዚህስ የሚጎዳው ገዢ ነው፣ ቲቸር፤
እዚያ ጣሳው ራሱ በገዢ እጅ ነበር።»

እናቷ ከማዶ ተቆጣች፦ «ምን ታወሪያለሽ አንቺ!»

ሃያ ብሩን ሰጠሁ፤ ምርቃት አልጠየቅሁ።
ሌላ «ገዢ ነኝ» ባይ ባስቆፈረው ዋሻ፣ በጣርማ በር አለፍሁ፤
ጨለማው ውስጥ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ።
ይጣፍጣል፤ አልዋሽም።

ሲያልቅ ወረቀቱን ፈታሁት በመኪናው መብራት፤
የእሷ ጽሑፍ ነው፣ ለክርክሩ የተዘጋጀችበት፦
የሐዲዱ ኪሎሜትር፣ የሆስፒታሉ ቁጥር።
ገለበጥሁት።
ጀርባው ላይ፣ በእርሳስ፣ የገብስ ዕዳ ዝርዝር።