የሐዲድ ስፋት

ከዚራ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ የግንቦት ጠዋት፣
ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ንፋስ ያጣበት፤
የስም መፈረሚያ፣ የአበል መዝገብ፣
ሁለት ሁለት ብስኩት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከወንበር አጠገብ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ። በቀን እከፈላለሁ።
ከአፌ የራሴ ቃል ከወጣ ሰንብቷል፤ እንጃ፣ የት አስቀምጫለሁ።

እንግዳው ተነሣ፤ ረጅም፣ ትሑት ሰው፣
ፀሐያችን አንገቱን በሁለት ቀን የላጠው።
«አገሬ» አለ፣ «ሰው መሪውን የሚሽርባት፣
ዳኛ በሹም ላይ ፈርዶ፣ ማታ በሰላም ቤቱ የሚገባባት፤
ይህን ለብቻችን ይዘን ብንቀመጥ ስስት አይሆንብንም ወይ?
ብናመጣውስ ድፍረት? እስቲ ንገሩኝ፤ ይበጃል? አይበጅም ወይ?»

ተረጎምኩ። «ሥርዓት» አልኩ። ቃሉ ሰፋብኝ፤
ሥርዓት ማለት እናቴ ቤት ትልቅ ሲገባ መነሣት ነው፤ ሌላ ቃል ጠፋኝ።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤
ዋጥኩት፤ ለተረት ውል የለኝም፤ ወደ ሆዴ ተመለሰ።

ከኋላ ወንበር ሮብሌ ጉሌድ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፣
የባቡር ጥገና ጡረተኛ፣ ጣቱ በግራሶ ጠቁሮ የቀረ።
«ስማ፣» አለ፣ «የፊተኛው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤
በእጄ ለክቼዋለሁ፣ ከዚህ እስከ ጅቡቲ ድንበር።
አዲሱ መጣ። ሰፊ ነው፣ ፈጣን ነው፤ እኔ አላማውም።
የኔ ባቡር ግን እዚያ ላይ አንድ ስንዝር አይሄድም፣ እግሩ አይገጥምም።
ሁለቱም ብረት ነው። ሁለቱም አይዋሽም።
ስፋቱ ነው እንጂ ጥፋቱ።
ያንተን ባቡር በኔ ሐዲድ ላይ ብትነዳው መጨረሻው ምንድን ነው?
ሹፌሩ ዘሎ ይወርዳል፤ የሚገለበጠው ተሳፋሪው ነው።

ደሞ ሐዲድ የላችሁም ያለህ ማን ነው? እኔ ኢሳ ነኝ፤ ዛፍ ሥር ነው የሔራችን ችሎቱ፤
አርባ አራት ሰው ይቀመጣል፤ ዑጋሱም ቢያጠፋ አይቀርለትም ቅጣቱ።
ወደ አገርህ ልላከው ብል፣ ሕጉንስ በቃል እልካለሁ፤
ዛፉን ግን በምን አጓጉዛለሁ?»

ሣቅ ሆነ። ተረጎምኩ፤ ሣቁ ግን መንገድ ላይ ቀለጠ፤
እንግዳው ራሱን ነቀነቀ፣ «ዛፍ» ብሎ ጽፎ ተቀመጠ።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ጥሩ ግጥም ይወጣው ነበር።
ሚስኪ አብዱራህማን ግን ነበረች፣ በሩ አጠገብ፣ ከታይዋን ጨርቅ ነጋዴዎች ጋር።
እጇን አላወጣችም፤ ዝም ብላ ቆመች፤
«ሮብሌ፣ ባቡርህ ይቅናው፤ እኔንም ስማኝ» አለች።

«ልጄን የወሰዱት ሌሊት ጎረቤቴ ሁሉ ነቅቶ ነበር፤
መብራት አጠፉ። ‹የሰው ቤት ጉዳይ!› ልማዱ ነው የሰፈር።
አሥራ አንድ ወር። በሕይወት እንዳለ የሰማሁት በምንድን ነው?
ስሙን አጥርቶ መጥራት የማይችል የሩቅ አገር ሰው በጻፈው ደብዳቤ ነው።
ዝምታ ወርቅ ነው ይሉኛል። ወርቁን ለማን ልሽጠው?

ሐዲድህን አልፈልግም፣» አለችው፣ ጣቷን ወደ እንግዳው ዘርግታ፣
«አገሬንም እንደ ሕፃን ልታስተምራት አትምጣ፣ በአለንጋም ሆነ በስጦታ፤
ግን ስጮህ ስማ። ጩኸት ስፋት የለውም፤
በጠባቡም በሰፊውም ሐዲድ ይሄዳል፤ አይገለበጥም።»

ተረጎምኩ። መሐል ላይ ድምፄ ሰለለ።
እንግዳው ቀና ብሎ፣ «እሷ ናት ያለችው ወይስ አንተ ነህ?» አለ።
ሮብሌ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ፤
መልስ ሊሰጥ የከፈተው አፉ እንደ አሮጌው ጣቢያ በር ተከፍቶ ቀረ።

ስንወጣ ደቻቱን በእግር ተሻገርን። አሸዋው ደርቆ፣ ነጥቶ፣
ባጃጅ ይሄድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ተኝቶበታል፣ ጭነቱን ፈትቶ።
እንግዳው አሸዋውን በጫማው ጫር አድርጎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣
«ይሄ መንገድ ነው?» አለኝ፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ።

የሚተረጎም አልነበረም። ሌላ ማንም አልተናገረም።
የራሴን ቃል ፈለግኩ፤ ቶሎ አላገኘሁም።
«ዛሬ፣ አዎ፣» አልኩት።
ወደ ተራራው አየሁ፤ ደመና የለም ገና።
«ዛሬ» የምትለዋን ትቶ፣ «አዎ»ን ብቻ ጻፈና
ደብተሩን ዘጋ።