ይታያል

ግንቦት ነው፤ ቅዳሜ። ከቦርከና ማዶ
በሼዱ ቆርቆሮ ዝናቡ ተራምዶ፣
አምስት ሆነን ከበብን የብየዳውን ጠረጴዛ፤
ከፊታችን ወረቀት፣ ቅባት ጠጥቶ የወዛ።
ፕሮጀክቱ አልቋል። ሒሳቡም ተዘጋ።
የቀረን «ለምን?» ነው፣ ከዚያ ሁሉ ዋጋ።

ማሽላ መውቂያ ናት። ስሟን «እፎይ» ያልናት፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ፈተን ያሰርናት።
አርባ ሠርተን ሸጥን በፎቶ፣ በጭብጨባ፤
አሥሩ ተመለሰ በኢሱዙ እየገባ፤
ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ፣ በሐረጎ ቁልቁለት፣
ከቆላው ደግሞ በአቧራው አቀበት።

«ዛሬ ዳኛ የለም» አለ ሙህዬ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ፤
«ማን አጠፋ ሳይሆን፣ ምን ተማርን» ብሎ አጀንዳውን አነበበ።

አፍ ግን ልማዱን አይተውም።
ደምሌ ሻጩ ጀመረ፦ «ዋጋዋ ነው፤ ብረቱ ተወደደ።»
ሰይፈዲን በያጁ፦ «ወንፊቱ ሰፋ ብዬ ነበር፤ ሰምቶኝስ ማን ወደደ?»
ጦይባ ደረሰኝ ገልጣ፦ «ያን ርካሽ ኩሽኔታ
ማነው ያስገዛኝ፣ በቃል፣ ያለ ጨረታ?»
ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ፣ የንድፉም ነዳፊ፣
የሰው ጥፋት ሲሆን፣ አቤት ስሆን ጎበዝ ጸሐፊ!

ተራ ቁጥር አራት ላይ ስደርስ
የመኪና ጡሩምባ ከበር ጮኸ።
አወል ነው፣ ሹፌሩ፤ አሥራ አንደኛዋን ጭኖ ከሐርቡ።
ዝናብ የጠጣች «እፎይ»፤ ከጎኗ ድንጋይ፣
ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ መሐሉ በእግር የለሰለሰ።
«ይኼ ምንድነው?»
«አብሽሩ፤ የሸምስያ ነው። ‹አብሮ ይመለስ› አለች፤
‹ዕቃዋ ነው፣ ያለሱ አትሠራም› ብላ ራሷ ጫነችው።»

ደምሌ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ እንደ አጥንት።

ትዝ አለኝ ኅዳር፣ ለሙከራ ስንወርድ።
የማሽኗ ማጉረሻ ከሸምስያ አገጭ እኩል ነበር፤
ልኩን ከሙህዬ ደረት ነበራ የወሰድነው፣
እዚሁ ሼድ ውስጥ፣ «እስቲ ቁምልን» ብለን።
ሴትዮዋ ምንም አላለችም። ሄዳ ድንጋይ አመጣች፤
ወጣችበት፤ ነዶውን አጎረሰች።
እኛ ሰዓት ይዘን ኩንታል በደቂቃ ለካን፣ አጨበጨብን።
ፎቶው ሲታጠብ «ድንጋዩ አያምርም» አለ አንዳችን፤
ከወገቧ በታች ቆረጥነው።

ደብተሬን አወጣሁ፤ ገጹን አገኘሁት።
«ኅዳር ፲፪፣ ሐርቡ። ሴቲቱ ድንጋይ ላይ ቆማ ነው የምታጎርሰው።»
ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ አንዲት ቃል፦
«ይታያል።»

ወንፊቱም ጋ «ይታያል»፣
ኩሽኔታውም ጋ «ይታያል»፤
ስንቱን ቀበርን በዚች ጉድጓድ!
ለነገ ያሳደርናት መስላን፣ የቀጠሮ ቃል፣
ዛሬን ነበር ስትጮህ የኖረች፦ ድንጋዩ ይታያል።

ደብተሩን ገፋሁት፣ ወደ ጠረጴዛው መሐል።
ማንም አልሰደበኝ፤ ዳኛ የለም ተብሏል።

ሰይፈዲን ሜትሩን ዘረጋ፣ ከድንጋዩ ጀርባ እስከ ወለሉ፦
ሃያ ሁለት ሳንቲም።
ስሕተት ለካ ቁመት አለው።
ጦይባ ተነሥታ ከማሽኗ ፊት ቆመች፤
ማጉረሻው አገጯ ላይ ደረሰ።
«ሁለት ዓመት እዚህ ነበርኩ» አለች።
ሌላ አልጨመረችም።

ሙህዬ ዝናቡን ብዙ ሰማ።
«ጻፍ» አለኝ በመጨረሻ፤
ምን እንደምጽፍ ግን አልነገረኝም።
የደረደርኩትን የጥፋት ቁጥር ሰረዝኩ፤
«የተገኙ» ከሚለው ሥር፣ ባዶ ከተውኩት ቦታ፣
እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦

አምስት ሰው፣
አንድ ድንጋይ።