ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ

ሰኞ የክትባት ነው።
ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ
ጣቢያችን ይሞላል፣ ሰልፉ ደረጃው ላይ ተጠቅልሎ፤
ቢጫ ካርድ በፌስታል፣ ጡጦ፣ ፎጣ፣ ለቅሶ፣
አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል፣ መርፌ ሳይነካው አልቅሶ።

ሥራዬ መለካት፦ ራስ፣ ቁመት፣ ክንድ፣
አሥራ ስድስት ዓመት፣ በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት መንገድ።
ጥብጣቤ ሦስት ቀለም፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤
አረንጓዴ ካለኝ «ደህና ነው፣ ሂጂ» ማለት ነው ልማዴ።

ያፌትም አረንጓዴ ነበር።
ሦስት ዓመት ከሁለት ወር።
ክንዱ ሙሉ፣ ጥርሱ ሙሉ፣ ክብደቱ እመስመሩ፣
ቃል ግን አንድ የለውም፤ ተጣብቋል ከንፈሩ።
በር ገጭ ካለ ደግሞ
ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ይገባል ጠረጴዛ ሥር፣
«ይቅርታ ሲስተር» ትላለች እናቱ፣ ዓይኗ ሳይነሣ ከምድር።

ሐረገወይን ትባላለች፤ ሎተሪ ትሸጣለች ጊዮርጊስ ዙሪያ፤
«የአባቱ ነው» አለች፣ ገና ሳልጠይቃት፣ ለመጀመሪያ።
«አባትየው በአምስት ዓመቱ ነው አሉ አፉን የፈታው፤
አያቱ ነግረውኛል፤ በዘር ነው የመጣው።
አካሄዱን ይዩልኝ፣ ግራ እግሩን ወደ ውስጥ ሲጥል፤
አይቶት አያውቅም እኮ! ማን አስተማረው ይህን አመል?»
አየሁት። እውነት ነው።
ደም ደብዳቤ ሲልክ ፖስታ ቤት አይሻም፣
አባት ቢጠፋ እንኳ እርምጃው አይሸሽም።

«ሆድሽ ውስጥ ሳለ የት ነበርሽ?»
ካርዱ ላይ የሌለ ጥያቄ ነው፤ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ።
ዝም አለች። ትኬቶቿን ደረደረች፣ አንድ ባንድ፣ እንደ ማስረጃ።
«ሰፈር ሲፈርስ፤ ስምንት ወሬ ነበር፤
ሌሊቱን የማሽን ድምፅ፣ ግድግዳ ሲያቃስት ሲሰበር።
የኛ ዛሬ ነው ሲሉ ነገ፣ ነገ ሲሉ ከነገ ወዲያ፣
ዕቃዬ ማዳበሪያ ውስጥ፣ እኔ ማዳበሪያው ላይ፣ እንዲያ።
ግድግዳ በወደቀ ቁጥር እሱ ይዘላል ሆዴ ውስጥ።
እኔ አላለቀስኩም ሲስተር። እሱ ነው የሚደነግጥ።
ከተወለደ በኋላም በአንድ ዓመት ሦስት ኪራይ፣
ሦስት አከራይ፣ ‹ልጅሽን ዝም አሰኚው› ባይ።
ይኸው፣ ዝም አለላቸው።»

ጥብጣቤን ጠቀለልኩት።
በሥልጠና የጻፍነው አለ፣ ስለ አንጎል፣ ስለ እትብት፣
የእናት ድንጋጤ በደም ተሻግሮ ልጇ ዘንድ የሚደርስበት።
ፈተናውን አልፌዋለሁ፤ ዘጠና ሁለት አምጥቼ።
ያፌትን ግን ያየሁት ያኔ ነው፣ አንገቴን ጠረጴዛ ሥር አስገብቼ።
ፈሪ አይደለም ይሄ ልጅ።
ተዘጋጅቶ ነው የመጣ፣ ግድግዳ ለሚወድቅበት ደጅ፤
ጆሮውን ስሎ፣ አፉን ቆልፎ፣ እግሩን ለሩጫ አስተካክሎ፤
ማን ይንገረው አሁን፣ ግንቡ ቆሟል ብሎ?

ዘበኛችን ጋሽ ገረሱ
ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጠረጴዛው ሥር ገቡ፣
ከካፖርታቸው ኪስ ቆርኪ አወጡ፤ አንድ ባንድ ካቡ።
«ሊወድቅ ነው» ይላሉ በሹክሹክታ፣ ሊወድቅ ሲል፤
ከዚያ ብትን! ልጁ ጆሮውን ይይዛል፣ ደግሞ ይለቃል፣ በመሐል።
ሌላ ሰኞ። ሌላ ሰኞ።
ሰልፉ ይጠብቀኛል፣ እናቶች ያጉረመርማሉ፤
እነሱ ይክባሉ፣ ያፈርሳሉ፣ ይክባሉ።

በስድስተኛው ሰኞ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ያፌት ራሱ ገፋው ያን የቆርኪ ግንብ፣
በአንዲት ጣት።
አየን። ጆሮውን አልያዘም።
«ወደቀ» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር፣ ገና አልተገራም።

አያቱ በኋላ «አላልኩም? በዘሩ ነው፤ ይዘገያል እንጂ አይቀር» አሉ፤
ጋሽ ገረሱ «ቆርኪዬ ነው» ሲሉ ሳምንቱን ዋሉ።
ሐረገወይን ምንም አላለች። አንድ ትኬት ሰጠችኝ በነጻ።
አልወጣልኝም።

ካርዱ ላይ ለቃል የተተወ ቦታ የለም።
ከክብደቱ መስመር ጎን፣ በእርሳስ፣ «ወደቀ» ብዬ ጻፍኩለት።
የሚቀጥለው ሰው ሲያነበው ክብደቱ መስሎት እንዳይደነግጥ ፈራሁ፤
ግን አልሰረዝኩትም።