ፍሬን ያዥ

ሳቢያን። ቆርቆሮው ላይ ቲማቲም ተሰጥቷል፤
ባንድ ጎኑ ደርቋል፣ ባንዱ እርጥበት ቀርቷል።
ሎሚው ተሰንጥቆ፣ ጨውና ቃሪያ ጠጥቶ፣
ፀሐይ ይሞቃል በጠርሙስ ተኝቶ።
ረምላ ስትቆጥር አርባ ነበር ጊሽጣ፤
ዘጠኝ አስቀረላት ያ ቀማኛ ጦጣ።

ቆርቆሮ ደበደብን፣ ጎማ አጨስንበት፣
ውሻ ተበደርን ከነአብዱረዛቅ ቤት፤
ውሻው ጥላ ወዶ ከግንዱ ሥር ተኛ፣
ጦጣው ከላይ ሆኖ ዘር ተፋ ወደ እኛ።

ኋላ ላይ ሳጥኗን ብቻዋን ከፈተች፤
የሟች ባሏን ኮት፣ የባቡሩን፣ አወጣች።
ዓመት ሙሉ እጇ ያልደፈረውን ልብስ
በመጥረጊያ እንጨት ላይ ሰቀለች ለንፋስ።
«ፍሬን ያዥ ነበርክ፤ በል ፍሬን ያዝልኝ»
ስትል፣ ከንፈሯ ላይ ሳቅ ያለ መሰለኝ።

ሲነጋ አንዲት ጦጣ፣ ልጇን ሆዷ ላይ ለጥፋ፣
ኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እጅጌውን ታቅፋ፣
የደረት ኪሱን ፈታ፣ ጣቶቿን አስገብታ፣
የደወሌ ቲኬት አወጣች፤ አሽትታ፣
ቀምሳ፣ ጣለችው።

ረምላ ድንጋይ ይዛ፣ ክንዷን እንዳነሳች
ቆመች።
ቆይታ ድንጋዩን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤
ቲኬቱን አንስታ ከጉያዋ ከተተች፤
ከዚያ፣ አንድ በአንድ፣ ቲማቲሙን ገለበጠች፣
ያልደረቀው ጎኑ ፀሐይ እንዲያይ።