አራት ጣት

ሙሐረቅ፤ ከቀትር በኋላ። መንገዱ
ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ የሚያላትም።
ከኡም ራሺድ ቤት ፊት ካሜራዬን ተከልሁ፣
ጀርባዬ ከጎረቤት ግንብ ተጣበቀ፤
"ራቅ ብለህ እይ" ይላል ሰው። ወዴት ልራቅ?

ቤቱ የባሕር ድንጋይ ነው፣ ኮራልና ኖራ፣
መስኮቱ ከሕንድ በመጣ እንጨት የተሠራ፤
ሰገነቱ ከክፈፉ አልገባ ሲለኝ
ሌንሱን ወደ ሰማይ ቀና አደረግሁኝ።
ያን ጊዜ ግራ ቀኙ ግድግዳ ተጠራርቶ
ከላይ ሊሳሳም መጣ አንገቱን ዘርግቶ፤
ታቹ አደባባይ፣ ጫፉ ጭብጥ የሚያህል፣
ቤት መሆኑ ቀርቶ ድንኳን የሚመስል።

ይሄ የሌንስ ጠባይ ነው፣ አይደንቀኝም።
ቀና ብሎ ያየ ሁሉ የሩቁን ያሳንሳል።
ማታ በኮምፒውተር አራት ማዕዘኑን ያዝሁ፣
ላዩን ወደ ውጭ ለጠጥ፣ ታቹን ሰብሰብ፣
ቀጥ።
መሐንዲስ ሻውቂ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል፤
ፎቶዬን ከሪፖርቱ ጋር አያይዞ አስገባው፦
"ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ጥገና አያስፈልገውም።"

በሁለተኛው ሳምንት ኡም ራሺድ አስጠራችኝ።
አልተቆጣችም። ከሰሃን ብርቱካን አንስታ
ከወለሉ መሐል አኖረቻት።
ብርቱካኗ ጥቂት አመነታች፣
ከዚያ ወደ ባሕሩ ወገን ተንከባለለች፣
ከጥጉ ደርሳ ቆመች።
"ሃያ ዓመት ሙሉ የጠፋኝን ሁሉ
የምለቅመው ከዚያ ነው፤ ክኒን፣ መቁጠሪያ፣ ቁልፍ።
ልጄ፣ ያንተ ካሜራ ቤቴን የት አገኘው?"

መልስ አልነበረኝም።
የሌንሱ ጥመት ነበረ፣ የቤቱም ጥመት ነበረ፤
ሁለቱን በአንድ እጅ አቃናሁ።
እንክርዳዱን ስነቅል ስንዴውም ተከትሎኝ ወጣ።

አባቴ ደምሰው ፍቼ ላይ ግንበኛ ነበረ፣
ቱምቢ በኪሱ ይዞ የኖረ፤
በዓይኑ አይምልም።
"ዓይን ዘመድ አለው" ይል ነበር፤ "ክር ዘመድ የለውም።"
እኔ እስቅ ነበር። እሱ የሚያምነው እርሳስና ሲባጎ፣
እኔ የማምነው የደመወዜን አምስት እጥፍ የሚያወጣ መስታወት።

ከኬረላው ልጅ ሱቅ በስድስት መቶ ፊልስ
ቱምቢ ገዛሁ።
ከሰገነቱ ማዕዘን ቁልቁል ለቀቅሁት፤
የሸማል ነፋስ አወዛወዘው፣ አልረጋ አለ።
አሮጊቷ ባልዲ ውሃ ይዛ ወጣች፣
"ከዚህ ንከረው" አለች፤
"አባቴ ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ
ነበር የሚወርደው። ውሃ ያረጋል።"
ቱምቢው ውሃው ውስጥ ዝም አለ።
ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቶ
ከታች አራት ጣት ርቆ ቆመ።

በዚያ ሌሊት ቤቱን አላቃናሁም።
ክሩን አቃናሁ፤
ቤቱ እንደ ዕድሜው ዘመመ።
"ፎቶህ ጠማማ ነው" ብሎ ደወለ ሻውቂ።
"ፎቶውስ ልክ ነው" አልሁት፤ "ክሩን እየው።"
ብዙ ቆየ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።
ከዚያ የድጋፍ ብረት ዋጋ ጠየቀኝ፣
እኔ የማላውቀውን።

ኡም ራሺድ ግን የፈለገችው ያንን የመጀመሪያውን ነው፣
ቀጥ ያለውን፣ ሐሰተኛውን።
"ሙሽራ ሆኜ ስገባ እንዲህ ነበረ" አለች።
በክፈፍ አድርጌ አመጣሁላት፤
ሚስማሩን ከቀኝ ግድግዳ መታሁ፣ ሰቀልሁት።
ላዩ ግንቡን ነካ፤ ታቹ አልነካም፣
አየር ላይ ቀረ፣ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ።
ጥፍሬን በመሐሉ አሾለክሁ።
ገባ።