ቀኙ ምን አጠፋ

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣
ኮንዶሚኒየሙ ከጤፍ ማሳው ጋር በድንበር ሲተናነቅ፣
እዚያ ነው ሱቄ፤
ግማሹ ኮንቴይነር፣ ግማሹ ላሜራ፣
በሩ ላይ የተሰቀለ ጎማ በታፔላ ፈንታ የሚጣራ።

ጋሽ ይፍሩ መጣ፣ ሞተሯን እየገፋ፣
ዝናብ በነካት ቁጥር የግራ ጎኗ እስትንፋሱ እየጠፋ።
ቀያሽ ነበር ጥንት፤ ካስማውን ጭኖባት፣ ገመዱን ጭኖባት፣
ይህን ሁሉ ማሳ በሜትር የለካባት።
አሁን ማሳው ፎቅ ነው። እሷ ግን ያችው ናት፤
ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ማርሚታ፣
ሰልባትዮዋ ላይ የጉልበቱ ቦታ
በሰላሳ ክረምት ሱሪ ተወልውሎ ነጥቶ።

ሁለት ሳምንት ለፋሁ።
ካንዴላ ቀየርኩ፤ ካርቡራተር ፈታሁ፤
ቤንዚኑን ወቀስኩ፤ ማደያውን አማሁ።
ፀሐይ ሲሆን ድምጿ ሙሉ፣ ሁለቱም ጎን የሚሠራ፤
ደመና ሲያጉረመርም ግን ግራው ብቻ የሚፈራ።

ሐምሌ ነው። ማታ ነው። ጣራው በዝናብ ይደለቃል።
ሞተሯ እየሠራች፣ ግራዋ እያነከሰች፣
መብራት እንደ ልማዱ ድርግም አለ።
እኔ ክብሪት ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ
ሌንሳ፣ ተለማማጄ፣
«ቆይ፣ እንዳታበራ» አለችኝ። «እይ።»

ከሰልባትዮው ሥር፣ የግራው ቦቢና ወገብ ላይ፣
የጥፍር ጭረት የምታህል ስንጥቅ፤
ከስንጥቋ ሰማያዊ ክር፣
ቀጭን፣ ቀጭን፣
እንደ ምስጥ ዱካ ወደ ሻንሲው የሚሳብ፤
ትክ፣ ትክ፣ ትክ፣
ለካንዴላው የተላከ እሳት
መንገድ ላይ ሲዘረፍ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በባትሪ ፈለግኩት፤
ለካ የጎደለኝ ጨለማ ነበር።

ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ኦርጅናሉ የለም።
«እሱን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ረስቶታል» አለኝ ነጋዴው።
«ይኸው፣ ጥንድ ነው፤ ለማንኛውም ይሆናል።»
ለማንኛውም ይሆናል የተባለ ዕቃ
ለማንም ልክ እንደማይሆን
መፍቻ የያዘ ሁሉ ያውቃል።
ቴስተር አወጣሁ፤
በኦሙ ተስማማን፣ በዋጋው ተጣላን።

ጋሽ ይፍሩ ጥንዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።
«የታመመው ግራው ነው። ቀኙ ምን አጠፋ?»
«ጋሼ፣ አሮጌና አዲስ አንድ ቀንበር አይገቡም።»
ዝም አለ። ብሎኑ ሲፈታ ግን
ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዘወር አለ።

ቀዳዳው አልገጠመም፤ ግማሽ ጣት ይስታል።
ሌንሳ በክብ ሞረድ አፉን ታሰፋ ጀመር፣
ብናኙ ክንዷ ላይ እስኪያብረቀርቅ፤
እኔም ከወደቀ አጥር ላሜራ ቆርጬ ማቀፊያ ሠራሁ፣
ሥሩ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ አነጠፍኩ፣
ንዝረቱ አጥንቱን እንዳይፍቀው።
ሽቦው በናስትሮ ተጠቀለለ። ሁሉም ታሰረ።
ፔዳሉን ረገጥኩ።

ቧ!
ማርሚታው እሳት ተፋ፣
የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተነሣ፣
ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ
ዘር ማንዘሬን ረገመች።
ሌንሳ ሳቋን ዋጠች፤
«የግራውን ለቀኝ ሰጥተኸዋል» ብላ
ሁለቱን ገመድ አቀያየረች፤
ሃያ ዓመት የሠራ እጄን
ከሱሪዬ ጀርባ ደበቅኩት።

ደግሜ ረገጥኩ። አነጠሰች። አሰበች።
ከዚያ ተነሣች፤
ግራዋ እንደ ቀኟ፣ ቀኟ እንደ ግራዋ።

ጋሽ ይፍሩ የካቻቢቴውን ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ አስደግፎ
እጀታውን ከጆሮው ገጠመ።
ብዙ ቆየ።
«ድምጿ አይደለም» አለ።
«ድምጿ አይደለም፤ ግን ድምፅ ነው።»

የተሰነጠቀውን ለእኔ ተወው።
ደህናውን፣ የቀኙን፣
በመሀረብ ጠቅልሎ ካፖርቱ ኪስ ከተተው፤
ኪሱ ወደ መሬት ተጎተተ።

ሲወጣ ማካፋት ጀምሮ ነበር።
ሌንሳና እኔ እጃችንን ሳንታጠብ በር ላይ ቆምን፤
በፎቆቹ መሃል፣ ድሮ ችካል የመታበት ጥግ ድረስ፣
ከጥጉም ወዲያ፣ ምንም እስከማይሰማ፣
ታነክስ እንደሆን
ዝናቡን እያዳመጥን።