የሸክላ ቦታ

"የሸክላ መደርደሪያ ሥራልኝ" ብለው፣
የሂርማታው ተማም ገንቦ መሰለው።
"የሚዘፍነውን ነው!" አንዱን አሳየሁት፤
በስንዝሩ ለክቶ፣ "ስንት ናቸው?" አለ።
"ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።"

ቺፑድ በጅማ ክረምት ሆዱ ይነፋል፤
ዋንዛ ያምራል፣ ግን የወር ደሞዜን ያጠፋል።
የደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ሁለት ጣት ውፍረቱ፣
በዚያ ተስማማን፤ ቀብድ ተቀበለ በዕለቱ።

በአባቴ አልጋ ሥር ተነባብረው ኖሩ፤
"ሰውም ተኝቶ ነው የሚጎብጠው" አለ ተማም፣ "ቆመው ይኑሩ።"

ሲያስረክበኝ፣ ጫማውን አውልቆ ላዩ ላይ ወጣ፣
ሁለቴ ዘለለ፤
ከእንጨቱ ሲጥታ አልመጣ።

ዳር ላይ አንዷ ክፍል ከሌሎቹ ሰፍታ፣
"ይቺስ?" ብለው፣
"የገንቦዋ ቦታ።"

ገንቦ የለኝም።
የአባቴን ባርኔጣ አኖርኩባት ማታ።